ብርጭቆ ወረቀቱን ከማንሳታችሁ በፊት

ቡራዩ ውስጥ በአንድ የእንጨት ሥራ ግቢ ለወጣት አናጺዎችና ለሰፈሩ ሰዎች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። ከጎኔ የቆመው ቡፌ ለንግግር ተብሎ የመጣ አይደለም፤ ለጥገና የመጣ ነው። ባለቤቱ አንዲት እናት ናቸው። ሥራው እስኪያልቅ ሰው ቢያየው ቅር እንደማይላቸው ነግረውኛል። ስለዚህ ወንበራችሁን ጠጋ አድርጉ። እሱን እያየን ነው የምናወራው።

የምለው ነገር አንድ ነው። ሥዕል የተሰካበት፣ ማለትም ቁራጭ እየተገጠመ ሥዕል የተሠራበት አሮጌ የእንጨት ዕቃ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ አንብቡት። ሥዕሉ ምን እንደሚል፣ ከምን እንደተሠራ፣ በምን እንደተጣበቀ ሳታውቁ አትላጉት፣ አትሹት፣ አትቀቡት።

ጉዳዩ ለእኛ ለዳር ሰፈር ሰዎች ቅርብ ነው። መሀል ከተማ ቤት ሲፈርስ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ለገጣፎ ይወጣል። ሰፊ ሳሎን ውስጥ የኖረ ቡፌ የኮንዶሚኒየም በር ላይ ይደርስና አልገባም ይላል። ያኔ እግሩ ይቆረጣል። የላይኛው ጌጥ ይነቀላል። ወይ ጀርባው ተበስቶ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ይሆናል። ከዚህ የተረፈው ደግሞ አናጺ ጋ ይመጣና «አሳምርልኝ» ይባላል። አናጺው የለመደውን ያደርጋል። የማለስለሻ ማሽኑን ይሰካል። በአንድ ከሰዓት የመቶ ዓመት ሥራ አቧራ ሆኖ ይቀራል። ይሄ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። ነቀዝ እንኳን ይህን ያህል አይቸኩልም።

እንግዲህ ወደ ዕቃው እንምጣ።

አካሉ ዋልነት ከሚባል እንጨት ነው። ሦስት መሳቢያ አለው፤ ከስር ሁለት በር፣ ከላይ ደግሞ አጠር ያለ የጀርባ ሰሌዳ። በግራው በር ላይ የወይን ሐረግ አለ። በቀኙ በር ላይ የስንዴ ነዶ። መካከለኛው መሳቢያ ላይ ባንዲራ የተሸከመ በግ፣ ግራና ቀኙ መሳቢያ ላይ አልፋና ኦሜጋ። በጀርባው ሰሌዳ ላይ ደግሞ ክንፏን የዘረጋች ወፍ ደረቷን በመንቆሯ ወግታ ለጫጩቶቿ ደም ታጠጣለች።

መሳቢያውን ሳቡና ጎኑን እዩት። ማያያዣ ጥርሶቹ እኩል አይደሉም። አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበብ ይላል። በእጅ መጋዝና በመሮ ነው የተቆረጡት። ከኋላ ያለው ጣውላ ላይ ጣታችሁን ብታሳልፉ የመላጊያው ዱካ ይሰማችኋል። ከዚህና ከጌጡ ተነስቼ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማለቂያ አካባቢ የጣሊያን ሥራ ነው እላለሁ።

በዚያ መቶ ዓመት አውሮፓ ውስጥ የመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያን ጌጥ ወደ መኖሪያ ቤት ዕቃ ተመልሶ ገብቶ ነበር። እንግሊዝ አገር በዚህ ስሙ የሚነሳው ከ1812 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. የኖረው አርክቴክት ኦገስተስ ፑጂን ነው። ጣሊያኖቹ ግን ወደ ኋላ ዞር ሲሉ የሚማሩበት የራሳቸው ትልቅ ሀብት ነበራቸው። ኢንታርሲያ ይሉታል። የተለያየ ቀለም ያለው እንጨት በስሱ ይቆረጣል፤ ጎን ለጎን ይገጠማል፤ ሥዕል ይሆናል። ብሩሽ አይነካውም። ሥዕሉ ራሱ እንጨቱ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የዛሬው ወሬ ሁሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው።

ኡርቢኖ በምትባል የጣሊያን ከተማ የመስፍኑ የፌዴሪኮ ዳ ሞንቴፌልትሮ የንባብ ክፍል አለ። በ1476 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሠራ ነው። የግድግዳው የታችኛው ክፍል ዙሪያውን በዚህ ሥራ ተሸፍኗል። በሩ ገርበብ ያለ ቁም ሳጥን ይታያል። ውስጡ መጻሕፍት አሉ፣ የሙዚቃ መሣሪያ አለ፣ የጦር ልብስ አለ። እጅ ሲዘረጋ ግን ዝርግ እንጨት ነው። ይኸው መስፍን ለጉቢዮ ቤተ መንግሥቱ ያሠራው ተመሳሳይ ክፍል ዛሬ ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ከመጡት የዚህ ጥበብ ታላላቅ ጌቶች መካከል መነኮሳት አሉ። ፍራ ጆቫኒ ዳ ቬሮና አንዱ ነው። ፍራ ዳሚያኖ ዳ ቤርጋሞ ሌላው ነው፤ ቦሎኛ ውስጥ በሳን ዶሜኒኮ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራኑን መቀመጫ የሠራ።

ወደ እኛ ጠጋ ስንል ደግሞ ካይሮ አለች። ሙአለቃ የምትባለው ጥንታዊት የቅብጦች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቅደሱን የሚጋርደው ግድግዳ ከዞጲ የተሠራ ነው። መስቀሎቹ በዝሆን ጥርስ ገብተውበታል። ጥቁር ላይ ነጭ። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ከግብጽ ስናስመጣ ለኖርን ለእኛ ይሄ የሩቅ ሰው ሥራ አይደለም።

አሁን ጥያቄ ላንሳ። የቤተ ክርስቲያን ምልክት የብርጭቆና የሳህን ማስቀመጫ ላይ ምን ያደርጋል?

በድሮ የአውሮፓ መኳንንት ቤት ከማዕዱ ጎን አንድ ጠረጴዛ ይቆም ነበር። ምግቡና መጠጡ መጀመሪያ እዚያ ያርፋል። መርዝ እንዳይኖርበት ይቀመሳል። ከዚያ ለጌታው ይቀርባል። ቡፌ የዚያ ጠረጴዛ ልጅ ነው። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ጠጅ አሳላፊውም መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለጌታው አይሰጥም ነበር። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ከመንበሩ ጎን ትንሽ ጠረጴዛ አለች። ኅብስቱና ወይኑ ወደ መንበሩ ከመውጣቱ በፊት የሚቆየው እዚያ ላይ ነው። በእኛ ሥርዓት ደግሞ ቤተልሔም አለች። ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ሆኖ፣ ደወል እየተደወለ፣ ከቤተልሔም ወደ መቅደስ ሲገባ ብዙዎቻችሁ ቆማችሁ አይታችኋል።

በሮቹን እንደገና እዩአቸው። ወይንና ስንዴ። ስለ መብልና ስለ መጠጥ የተሣለ ተራ ጌጥ ይመስላል። ከላይ ያለችው ወፍና በጉ ግን እንደዚያ እንዳናየው ይከለክሉናል። የሠራው ሰው የቤቱን ማዕድ ከቁርባኑ ማዕድ ጋር አያይዞ አስቦታል። ቤተሰቡ እራት ሲቀርብለት ሥጋወደሙን እንዲያስብ ፈልጓል። ለቅዳሴ ዘቢብ ዘፍዝፎ ወይን የሚያዘጋጅ ዲያቆን ይህን በር ቢያይ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

በጉን ብዙ አልተነትንም፤ ታውቁታላችሁ። «እነሆ የእግዚአብሔር በግ» የተባለው ነው። እግሮቹን ብቻ ልብ በሉ። ቆሟል እንጂ አልተጋደመም። በዮሐንስ ራእይ ላይ እንደታረደ ሆኖ የቆመውን በግ ነው የሚያሳየው። ባንዲራው የትንሣኤ ነው።

ሰፋ አድርጌ ማውራት የምፈልገው ስለ ወፏ ነው።

ባለቤቱ እናት ቡፌውን ሲያመጡ አንድ ነገር አዘዙኝ። «ልጄ፣ ይቺን ወፍ አውጣልኝና እርግብ አድርግልኝ» አሉ። «ደም እያየሁ እንጀራ መቁረስ ከበደኝ።» እውነታቸውን ነው። ታሪኳን ሳያውቁ ሲያዩአት ታስፈራለች።

ወፏ ፔሊካን ናት። ፊሳልጎስ የሚባል ጥንታዊ መጽሐፍ አለ። በእንስሳት፣ በዛፎችና በድንጋዮች እየመሰለ ሃይማኖት የሚያስተምር ነው። በግሪክ ተጽፎ ወደ ግዕዝ ተመልሷል፤ ሊቃውንት ትርጉሙን በአክሱም ዘመን ያደርጉታል። የዚች ወፍ ነገር እዚያ ተጽፏል። ጫጩቶቿ አደግ ሲሉ የወላጆቻቸውን ፊት ይመታሉ። ወላጆቹም መልሰው ይመቱና ይገድሏቸዋል። ከዚያ ያለቅሳሉ። በሦስተኛው ቀን እናቲቱ ጎኗን ትወጋና ደሟን ታፈስባቸዋለች። እነሱም ይነሳሉ። ጎን መወጋት፣ ደም፣ ሦስተኛው ቀን። ምሳሌው የማን እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም። አውሮፓ ውስጥ ታሪኩ እየቆየ ለዘብ አለ። መግደሉ ቀርቶ፣ ለተራቡ ልጆቿ የገዛ ደሟን የምትሰጥ እናት ሆነች። ቡፌው ላይ ያለችው ይህችኛዋ ናት።

ፔሊካን በእውነት እንዲህ አታደርግም። የምትመግባቸው ዓሣ ነው። ስትመግብ ግን ረጅሙን መንቆሯን ደረቷ ላይ ትጫነዋለች። ከሩቅ ያየ ሰው ራሷን የምትወጋ ሊመስለው ይችላል። እሷን ለማየት ደግሞ ባሕር መሻገር የለባችሁም። ዝዋይ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች በሚውሉበት፣ ቆማ ታገኟታላችሁ። ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባሉት ደሴቶች ላይ ትፈለፍላለች። ሻላ ውስጥ እሷን የሚያጠግብ ዓሣ የለም። ስለዚህ ለልጆቿ ምግብ ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ እየበረረች ትመላለሳለች። እኔ ይህን ሳውቅ ሥዕሉ ይበልጥ ነው የገባኝ። ደሟን ባትሰጥም ጉልበቷን ትሰጣለች።

ይህን ሁሉ ለእማማ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳውን ቀረብ ብለው አዩና «ልጆቿ ሁለት ብቻ ናቸው እንዴ?» አሉኝ። ሦስት ነበሩ። አንዱ ወድቋል። የነበረበት ቦታ በጫጩት ቅርጽ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ቀርቷል። «እንዲያማ ከሆነ የጎደለውን ልጅ ሥራላት» አሉ። ትእዛዙ በዚሁ ተለወጠ።

ልጁን እንዴት እንደምንሠራው ላሳያችሁ። ብዙ ነገር የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጉድጓዱን አታጽዱት። ቅርጹ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ስስ ወረቀት አድርጉበትና እርሳሱን አጋድማችሁ በቀስታ እሹት። የጫጩቱ ዳር መስመር ወረቀቱ ላይ ይወጣል። መለኪያም ግምትም አያስፈልግም።

ቀጥሎ ወንድሞቹ ከምን እንደተሠሩ እዩ። ነጭ ናቸው። የዝሆን ጥርስ ነው ወይስ አጥንት? ማጉያ መነጽር አምጡ። አጥንት ላይ ደም ሥሮች ያለፉባቸው ቀዳዳዎች እንደ ጥቃቅን ነጥብ ወይም እንደ አጫጭር ጭረት ይታያሉ። የዝሆን ጥርስ ላይ ይህ የለም፤ አግድም የተቆረጠበት ገጽ ላይ እርስ በርስ የሚቋረጡ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። እኛ ጋ ያለው አጥንት ነው። ነጥቦቹን ከንግግሩ በኋላ ራሳችሁ እዩአቸው።

የዝሆን ጥርስ ቢሆንም ኖሮ የምተካው በአጥንት ነው። ዓለም አቀፍ ንግዱን ለመከልከል የተወሰነው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። በ2007 ዓ.ም. መጋቢት ደግሞ መንግሥት ተይዞ የተከማቸ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አቃጥሏል። የተቃጠለው እዚሁ አቅራቢያችን፣ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ነው። ያን ያህል ጥርስ ስንት ዝሆን እንደጠፋ ይናገራል። ስለ ነፍስ መስጠት የምትናገር ወፍ በታደነ ዝሆን ጥርስ አትጠገንም። ይሄ ለእኔ የእምነትም ጉዳይ ነው።

አጥንቱ የበሬ ቅልጥም ነው። ከሥጋ ቤት ታገኛላችሁ። መቅኑን አውጡ፤ በዝግታ ቀቅሉት፤ ስቡ እስኪለቅ ሳሙና ባለው ለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፉት። ስብ ከቀረበት እያደር ቢጫ ይሆናል፤ ሙጫም አይዘውም። ከዚያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያነጣዋል። ግን ወረቀት እስኪመስል አታንጡት። የጎኖቹ ወንድሞቹ የመቶ ዓመት ቀለም አላቸው። ስትቆርጡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የአጥንት ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ቅርጹ ሲገጥም ሥራው አላለቀም። የወፏን ክንፍ ከጎን በባትሪ አብሩበት። እያንዳንዱ ላባ በሹል ብረት ተጭሯል፤ ጭረቱ ውስጥ ጥቁር ነገር ተሞልቷል። የዓይኗ ክብ፣ የጫጩቶቹ የተከፈተ አፍ፣ የጎጆው እንጨት ሁሉ እንዲህ የተጫረ ነው። የጭረቱ ጥልቀት ከጥፍር ጭረት ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ማሽን ስታሳርፉበት የሚሆነውን አስቡት። ወፏ አትጠፋም። ነጭ ሆና ትቀራለች። ዓይን የሌላት፣ ላባ የሌላት። እንዲህ የሆኑ በሮች አይቻለሁ። በግ መሆን አለመሆኑ የማይታወቅ ነጭ ቅርጽ። ባለቤቱ ደስ ብሎት ከፍሎበታል፤ ያብረቀርቃልና።

ወይኑ ላይ ደግሞ ሌላ ጥበብ አለ። ፍሬዎቹ ድቡልቡል ይመስላሉ። ዝርግ ናቸው። እያንዳንዱ ፍሬ በአንድ ጎኑ ጠቆር ይላል፤ ጥላው ነው። ይህን በቀለም አልሠሩትም። ብረት ድስት ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ያሞቃሉ። ስሱን እንጨት በመቆንጠጫ ይዘው ዳሩን አሸዋው ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ይነክሩታል። የገባው ክፍል ይጠቁራል፤ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ሲበዛ ያርራል፤ ሲያንስ አይታይም። ጥላው ሁሉም ፍሬዎች ላይ በቀኝ በኩል መሆኑን እዩ። ብርሃኑ ከግራ ነው የሚመጣው። አሁን ወደ ቀኙ በር ዙሩ። የስንዴው ዛላ ጥላው በግራ ነው። ብርሃኑ እዚያ ላይ ከቀኝ ነው የሚመጣው። ሰውዬው የተሳሳተ እንዳይመስላችሁ። ለሁለቱም በሮች ብርሃኑን ያመጣው ከመሀል፣ ወፏ ካለችበት በኩል ቢሆን ኖሮ ነበር ጥላው ወደ ውጭ የሚወድቀው። እሱ ግን ብርሃኑን ከዳር፣ ጥላውን ወደ መሀል አድርጎ ዓይናችንን ወደ ውስጥ ሰብስቦታል። የወደቀ ፍሬ ስትተኩ ጥላውን በተቃራኒው ጎን ብታደርጉ ያ ሁሉ ሐሳብ ይፈርሳል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ አናጺ የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። የወይኑ ቅጠል ዛሬ ቡናማ ነው። የቁልፉን ብረት ፈትቼ ከስሩ ያለውን አየሁት። አረንጓዴ ነው። ብርሃን ያላየው ክፍል ቀለሙን ይዞ ቆይቷል። ጥንታዊ ጣሊያኖች አንዳንዴ አረንጓዴውን የሚያገኙት በጫካ ውስጥ ሻጋታ ካቀለመው እንጨት ነበር፤ በኋላ ደግሞ እንጨቱን በማቅለሚያ ይነክሩት ጀመር። ሻጋታ ያቀለመው ፀሐይን ይችላል፤ በማቅለሚያ የተነከረው ግን ፀሐይ ይጠላል። እና ማሽን ያሳረፈ ሰው ምን ያያል? የደበዘዘው ገጽ ሲነሳ ከስር ደመቅ ያለ ቀለም ብቅ ይላል። «አየህ፣ ሕይወት ዘራ!» ይላል። በዚያች ቅጽበት ግን የልባጡን፣ ማለትም ከላይ የተለጠፈውን የስሱን እንጨት ግማሽ በልቶታል። በድሮ መጋዝ የተሰነጠቀ ልባጥ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። የዛሬው የፋብሪካ ልባጥ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲታሽ ሥሩ ያለው ተራ ጣውላ ይወጣል። የወጣው ቀለምም ብርሃን ስላገኘ ተመልሶ ይደበዝዛል። ከዚያ ወዲያ የሚታሽ ነገር የለም።

ታዲያ ቆሻሻውን በምን እናንሳ? በመጀመሪያ የተቀባውን እወቁ። የማይታይ ቦታ ላይ ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ ንኩት። ከተጣበቀባችሁ ሼላክ ነው፤ ሕንድ አገር ከምትገኝ ነፍሳት የሚወጣ ሙጫ በአልኮል የሟሟ። የጢስና የእጅ ቆሻሻውን ውሃ በማያንጠባጥብ፣ በጥቂቱ ብቻ በረጠበ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። የሳሳው ቦታ ላይ አዲስ ሼላክ በስሱ ይጨመርበታል። አሮጌውን መግፈፍ አያስፈልግም። ዘመን የማይዘልቅ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ከላዩ አትደፉበት።

ሙጫው ላይ ደግሞ የአገራችንን አየር አስቡ። ቡራዩ ደጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና በስፋቱ ያብጣል። ከጥቅምት ወዲህ አየሩ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። አጥንት እንደ እንጨት አይላወስም። ስለዚህ በየዓመቱ እንጨቱ አጥንቱን ይገፋዋል፣ ይለቀዋል፤ ይገፋዋል፣ ይለቀዋል። ሦስተኛው ጫጩት የወደቀው እንዲህ ነው። ማንም አልነቀለውም።

ድሮ የተጠቀሙት ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣ ሙጫ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ በሁለት ድስት፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል። አይፈላም፤ ከፈላ ጉልበቱ ይሞታል። ትልቁ ጥቅሙ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ እንደገና መልቀቁ ነው። የተነሳ ልባጥ ካለ ወረቀት ጣል አድርጋችሁ፣ ለብ ባለ ካውያ ተጫኑት፤ የድሮው ሙጫ ራሱ ሊይዝ ይችላል። ከዚያ ሞርሳ አድርጉበትና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ነጩ ኮላ ለአዲስ ሥራ ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ግን አላደርገውም። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ የእኛን ሥራ ሳይሰብር መፍታት መቻል አለበት።

«ይሄ የፈረንጅ ጥበብ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እኔ እንዲህ አላስብም። አክሱም ላይ የቆመው ሐውልት እኮ የእንጨት ሕንጻን በድንጋይ የሚያሳይ ነው። የአግዳሚ እንጨቶቹ ጫፍ ሳይቀር ተቀርጾበታል። ደብረ ዳሞ ጣሪያው ላይ እንስሳት የተቀረጹባቸው ጣውላዎች አሉ። ላሊበላ ውስጥ የንጉሡ ስም በግዕዝ የተቀረጸባቸው የእንጨት መንበረ ታቦቶች አሉ። የእኛ እጅ ይበልጥ ያዘነበለው ወደ መቅረጽ ነው። ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ማውጣት። እነሱ ደግሞ ከብዙ እንጨት መግጠም። መግጠሙን ብንጨምርበት እንጨቱ አለን። ጥቁሩ ዞጲ፣ ቀላ ያለው ዋንዛ፣ ደም ሥር ያለው ወይራ፣ ነጣ ያለው ዝግባ። ከየቦታው የሚጣለውን ቁርጥራጭ ሰብስቡ። እዚህ ግቢ ለማገዶ የሚሄደው ብቻ ለብዙ በር ይበቃል።

ንግግሩ ሲያልቅ ጥያቄዎች ተነሱ። ከመካከላቸው ሁለቱን እዚህ አስፍሬአለሁ።

አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ባለቤቱ የሌላ እምነት ተከታይ ሆኖ ምልክቱን አልፈልግም፣ አንሳልኝ ቢለኝስ? ገንዘቡ የሱ ነው።»

ገንዘቡ የሱ ነው፤ ዕቃውም የሱ ነው። እምነቱንም አከብራለሁ። ግን ምልክቱን መሸፈንና ማጥፋት የተለያየ ነው። ሰሌዳው ላይ በትንንሽ ቪት የሚያዝ፣ በኋላ የሚፈታ ስስ ኮምፔንሳቶ ልትሠሩለት ትችላላችሁ። ቪቱ ሥዕሉ ላይ ሳይሆን ጀርባው ላይ ይግባ። ወይም ለሚወደው ሰው እንዲሸጠውና ሌላ እንድትሠሩለት ንገሩት። እኔ ሁለቱንም ሐሳብ አቅርቤ እምቢ ያለኝ ሰው የለም። ለእኛም ይሠራል ይሄ። በጉን አውጥቶ በላሊበላ መስቀል መተካት ይቻላል፤ መስቀሉም ያማረ ይሆናል። ግን የሌላውን ጸሎት አቋርጦ የራስን መጀመር ነው። አላደርገውም።

አንዲት እናት ደግሞ «እኛ ቤት ያለው ቡፌ ሥዕል አለው፤ ግን እንዲህ ያለ ይሁን የተቀባ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

ማታ መብራቱን አጥፍተው የስልክዎን ባትሪ ከጎን፣ ከእንጨቱ ጋር አጋድመው ያብሩበት። የተቀባ ከሆነ የብሩሽ ዱካ ያያሉ፤ የእንጨቱ ደም ሥርም በሥዕሉ ስር ሳይቋረጥ ያልፋል። የተሰካ ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ደም ሥር አለው፤ አቅጣጫውም ይለያያል። ያበጠ ቦታ ካለ ጥላ ይጥላል። በጥፍርዎ ጫፍ ቀስ ብለው ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ሙጫው የለቀቀ ነው። እዚያ ላይ እርጥብ ጨርቅ አያሳልፉ። የወደቀ ቁራጭ ካገኙ አይጣሉት፤ ፖስታ ውስጥ አድርገው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። ቡፌው መስኮት ፊት ለፊት ከሆነ ቦታውን ይቀይሩ፤ ካልተቻለ መጋረጃ ያድርጉ። ዳንቴሉን ደግሞ አልፎ አልፎ ያንሱት። ለብዙ ዓመት ከአንድ ቦታ ካልተነሳ እንጨቱ ላይ ቅርጹን ይተዋል።